የቅዳሜው የኬን ልምምድ፣ ስድስት ኪሎ

ሰላም ወላጆች፣ ቅዳሜ ማየት የተሳናቸው ልጆቻችን በነጭ በትር (ኬን) መንገድ ላይ ብቻቸውን መሄድ ይለማመዳሉ። ጠዋት 2:30 ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልት ጋ እንገናኝ፣ ከዛ በሙዚየሙ በኩል ቁልቁል እስከ አራት ኪሎ በእግር፣ ስንመለስ በታክሲ ነው፣ ረዳቱን "ስድስት ኪሎ ነው?" ብለው የሚጠይቁትም ሂሳብ የሚከፍሉትም እራሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ ዝርዝር ብር ስጧቸው እና ኖቶቹን ቤት አስለዩዋቸው።

ኬኑ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ደረታቸው ጋ መድረስ አለበት፣ ያጠረ ከሆነ ጉድጓዱን የሚያገኘው እግራቸው ነው። ባለፈው የኔዋ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል ጋ ስትደርስ የኬኑ ጫፍ ባዶ ሲገባባት ቀጥ ብላ ቆመች፣ እኔ ከኋላ ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀኝ እግር ሲቀድም ኬኑ ግራ፣ ግራ ሲቀድም ቀኝ መንካት አለበት፣ ይቺን ግቢ ውስጥ እስከ ቅዳሜ አለማምዷቸው። ኬን ግን ከወገብ በላይ ያለውን አይነግርም፣ ለቅርንጫፍ ምናምን ከፊቱ ጥላ ያለው ኮፍያ አድርጉላቸው። ሽፍን ጫማና ውሃም አትርሱ።

እኛ ሶስት አራት እርምጃ ከኋላ ነን፣ እጅ መጎተት የለም እሺ? አስፋልት ስንሻገር ብቻ ልጁ ክንዳችሁን ከክርናችሁ ከፍ ብሎ ይያዝ፣ እናንተ አትያዙት።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ የልጁን እድሜ እና ኬን አለው ወይስ የለውም የሚለውን እዚሁ ጻፉልኝ፣ ትርፍ ያላችሁም ንገሩኝ።