ቅዳሜ ኩታበር ለምንወጣ አባላት

እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ወደ ኩታበር የምንወጣው ከባቄላ ሥር እባጮች ሪዞቢየምን፣ ማለትም በእባጩ ውስጥ ሆኖ የአየር ናይትሮጅን የሚይዘውን ባክቴሪያ፣ ለይተን ለማውጣት ነው። ባቄላው አበባ ላይ ነው፤ የሥሩ እባጮች ናይትሮጅን በደንብ የሚይዙት አሁን ስለሆነ ከዘገየን ያመልጠናል።

ባለማሳውን ሳናስፈቅድ አንገባም። ተክሉን ደግሞ እባካችሁ አትንቀሉት፣ እባጮቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት። አንዱን እባጭ ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ተዉት።

ቤተ ሙከራ ስንመለስ ዋናው ነገር የእባጩን ላይ ማጽዳት ነው፦ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ 30 ሰከንድ፣ 3 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ውስጥ 3 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ በጸዳ ውሃ ቢያንስ 5 ጊዜ ማለቅለቅ። ባለፈው እኔ ቸኩዬ ስላሳጠርኩት ባክቴሪያውን የምናሳድግባቸውን ሳህኖች ሁሉ ሌላ ባክቴሪያ ወረሳቸው፤ ገበሬው በደስታ የሰጠን ባቄላ ባክኖ መቅረቱ እስካሁን ይቆጨኛል።

እባጩን ጨፍልቀን ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀይ ቀለም ባለበት የእርሾና ማኒቶል አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ በመስመር እንቀባለን፤ በ28 ዲግሪ ከ3 እስከ 5 ቀን። ሪዞቢየም ቀዩን ቀለም እምብዛም አይመጥም፤ ነጣ ብሎ ይዝለገለጋል። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። በጸዳ አሸዋ ላይ በበቀለ ባቄላ ሞክረነው እባጭ ካላወጣ የምንፈልገው አይደለም።

ከረጢትና በረዶ ያለበት ሣጥን እኔ እይዛለሁ፤ መቆፈሪያ ያላችሁ አምጡ።