የቅዳሜ ተውሳክ አንድ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ2019 የቀን መቁጠሪያ በየማተሚያ ቤቱ የሚዘጋጅበት ሰሞን ነው። የእናንተም ዓምድ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ከዘመን መለወጫ በፊት ማውጣት ልማዱ ስለሆነ ጊዜው ሳያልፍ አንድ ነገር ላሳስብ። መጪው ዓመት ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በችኮላ ለሚያሰላ ሰው ወጥመድ አለው። ስህተቱ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ሰኞው ሰኞ፣ እሑዱ እሑድ ሆኖ ሳለ ፋሲካ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይታተማል።

ስሌቱን ከሥሩ እንየው። 5500 ላይ 2019 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7519 ነው። ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲነሳ ወንበሩ (ለቀጣዩ ስሌት መነሻ የሚሆነው ቁጥር) 13 ይሆናል። 13 በ11 ሲባዛ 143፣ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ትርፉ ሲያዝ) አበቅቴው፣ የጨረቃ አቆጣጠር ትርፉ፣ 23። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ፣ የነነዌ ቀን የሚወጣበት ቁጥር፣ 7። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ከሞሉ እስከዚህ ድረስ ደህና ነን። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዑ ቁጥር የሚያመለክተው ቀን) የሚውለው በጥቅምት ነውና ጥቅምት 7ን እንይዛለን። መስከረም 1 ዓርብ ስለሆነ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የዕለት ተውሳክ፣ በዓለ መጥቅዕ በዋለበት ዕለት መሠረት በመጥቅዑ ላይ የሚደመረው ቁጥር፣ ከእሑድ 7 ጀምሮ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2 እያለ ይወርዳል። ቅዳሜ ላይ ሲደርስ እጅ በልማድ 1 ይጽፋል፤ ነገር ግን የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። መጥቅዑ 7 ከ8 ጋር 15 ይሆናል፤ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ስለዋለ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ሰኞ ይገባል ማለት ነው። 1 የደመረ ሰው የካቲት 8ን ያገኛል፤ እሱም ሰኞ ስለሆነ ምንም አይጠረጥርም። ለምን 8 ሆነ ለሚል፦ በ2019 በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር የአይሁድ ፋሲካ ሚያዝያ 17 እሑድ ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲገጥም ትንሣኤ ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን አይውልም፣ ወደሚቀጥለው እሑድ ይሻገራል። ተውሳኩ ላይ የተጨመሩት 7 ቀናት እነዚያ ናቸው።

ሌላው የተለመደ ስህተት በዓለ መጥቅዕን መስከረም 7 ላይ ማዋል ነው። ይህኛው ቶሎ ይጋለጣል። መስከረም 7 ሐሙስ ነው፤ 7ና 3 ተደምሮ ነነዌን ጥር 10 ላይ ያደርገዋል፣ በከተራ ዕለት! ነነዌ ከጥር 17 በፊት፣ ከየካቲት 21 በኋላ አይገባም፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ይህን ወሰን የሚያውቅ አራሚ ጥር 10ን ባየ ጊዜ ይደነግጣል። የቅዳሜውን ስህተት ግን ወሰኑ አይዘውም፤ የካቲት 8 በወሰኑ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሌሎቹም ከነነዌ ስለሚቆጠሩ ትክክለኛው ይህ ነው፦ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ደብረ ዘይት መጋቢት 26፣ ሆሳዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ዕርገት ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13። በማግስቱ ሰኔ 14 የሚገባው ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 4 ያበቃል፤ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሐምሌ 5 ስለማይነቃነቅ ጾሙ 21 ቀን ብቻ ነው። በ2018 ግንቦት 24 ገብቶ 41 ቀን ነበር።

የቅዱሳን በዓላት ቀናቸው ቋሚ ቢሆንም ማዕዳቸውን የሚወስነው ይኸው ስሌት ነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት በ2019 የነነዌ መካከለኛ ቀን ላይ፣ ማክሰኞ ትውላለች። ስለዚህ ዝክሩ በምስር ወጥና በሽሮ ይወጣል፤ የተሳሳተውን የቀን መቁጠሪያ ያየ ሰው ግን ነነዌ ባለፈው ሳምንት አለቀ ብሎ ዶሮ ይገዛል። ሰኔ 12 ሚካኤል በ2018 በጾም ውስጥ ነበር፤ በ2019 በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ቅቤውም ሥጋውም ይቻላል። ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ደግሞ ቀዳም ሥዑር ላይ ገጥሟል። አክፋዩ፣ እስከ ትንሣኤ እህል የማይቀምሰው፣ በሚበዛበት ቀን ማን ጽዋ ያነሳል? እዚህ ጅማ የጊዮርጊስ ማኅበር የሚጠጡ ሁሉ ከሙሴያቸው (ከማኅበሩ መሪ) ጋር ከወዲሁ ቢነጋገሩበት ይሻላል። የሳምንት ስህተት ለባለ ጠላ ቀላል አይደለም፤ ጌሾውና ብቅሉ በቀን የተሰላ ነው፣ ሳምንት ያለፈው ጠላ ይሆመጥጣል።

ሌላው ወርኃዊውንና ዓመታዊውን መደባለቅ ነው። 12 ሁሉ የሚካኤል፣ 19 ሁሉ የገብርኤል ነው፤ ዓመታዊው ንግሥ ግን ኅዳርና ሰኔ 12፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ነው። በዐቢይ ጾም ምክንያት የተዛወሩትም አሉ፦ የመጋቢት 5 አቦ ወደ ጥቅምት 5፣ የመጋቢት 27 መድኃኔ ዓለም ወደ ጥቅምት 27፣ የመጋቢት 10 መስቀል ወደ መስከረም 17። ንግሡን መጋቢት ላይ ብቻ አትሞ ጥቅምትን ባዶ የሚተው የቀን መቁጠሪያ ለጅማ ሰው አይበጅም። ጥቅምት 27 ቀይ ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው፤ ባለ ቡናው ለቃሚ የማያገኝበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ስለ 2020ም ከወዲሁ ልበል፤ የፈረንጁን ቀን ከዓምናው ላይ መገልበጥ ክፉ ልማድ ነውና። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 አድርጎ ስለሚወጣ የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል። መስቀል ሴፕቴምበር 28፣ ቁልቢ ገብርኤል ዲሴምበር 29፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይሆናሉ። ከጅማ ቁልቢ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ አድሮ ስለሚቀጥል አንድ ቀን የሳተ ቲኬት ንግሡን ያስቀረዋል። ገና ብቻ ጃንዋሪ 7ን አይለቅም፤ የሚለወጠው በእኛ በኩል ነው፣ ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ልደት 9 ወር ከ5 ቀን ይቆጠራል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ስለሚተርፍ ልደት በአንድ ቀን ይቀድማል። ታኅሣሥ 29 ብሎ ማተምም፣ ጥምቀትን አብሮ ወደ ጥር 10 መሳብም ስህተት ነው፤ ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው። የአንድ ቀኑ ልዩነት የሚዘልቀው እስከ የካቲት 21 ነው፤ ያ ዕለት ፌብሩዋሪ 29 ስለሆነ ከየካቲት 22 ጀምሮ የዓምናው ንጽጽር ተመልሶ ይሠራል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ