ከመስኮቱ ፊት ስላለችው ጃካራንዳ

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ትንሹ የልጅ ልጅዎ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው «ሰ»ን መጥራት አቅቶታል፤ ትልቋ ብስክሌት ካልተገዛልኝ ብላ አኩርፋለች።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ጃካራንዳዎቹን ሊቆርጡ መጋዝ ይዘው መሰላል ላይ ወጡ አሉ፤ በ81 ዓመትዎ፣ ያውም ባለፈው ወር ራስዎን አዙሮዎት ወድቀው! እባክዎ ይተዉት።

ጉድጓዶቹን የቆፈርኩት እኔ ነኝና ስለ ዛፎቹ ልናገር። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አምስት አምስት ሜትር ለክቼ የቸከልኳቸውን ችካሎች ነቅለው በሜትር ተኩል መለሷቸው። «ግቢው እስከ መቼ ባዶውን ይቆያል?» ብለው። ችግኝ ሳሉ አምረው ነበር። ጃካራንዳ ግን ሲያድግ ከ10 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ቅርንጫፉም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ተጠጋግቶ ሲተከል ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ የታችኛው ቅርንጫፍ በጥላ ይደርቃል። ሰባቱም እንደዚያው ሆኑ፤ አበባቸው የሚታየው ከጎረቤት ፎቅ ነበር።

እሱስ ይሁን። እማዬ ግን መስኮቱ ወደ ዛፎቹ በሚያየው ክፍል በተኛችባቸው ወራት በቀትር መብራት እናበራ ነበር። «አንዷን ብቻ ቁረጡልኝ፣ ሰማይ ልይ» ስትልዎት፣ «ሲያብብ ታይዋለሽ» አሏት። የውኃ ብርጭቆዋን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሲያብብ አልነበረችም።

አሁን መቁረጥ የጀመሩት ከዚያችው ከመስኮቱ ፊት ካለችው ነው አለችኝ እህቴ። ለምን አሁን ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ።

የቀሩትን ሙያ ያለው ሰው ይቁረጣቸው። በአንድ ጊዜ ግን አይሆንም፤ ተደጋግፈው ያደጉ ቀጫጭን ዛፎች ድንገት ሲሳሱ ነፋስ ይጥላቸዋል። በሁለት በሦስት ዓመት ቀስ እየተባለ ነው። የአጥሩን የፈረንጅ ጽድም ሲከረክሙ አረንጓዴውን አልፈው ቅጠል የሌለው ግንድ ድረስ አይግቡ፤ እንደ ጃካራንዳ መልሶ አያቆጠቁጥም። መድኃኒትዎንስ እየወሰዱ ነው?

መሰላሉን እህቴ መጋዘን አስገብታ ቆልፋበታለች፤ በእኔ ትእዛዝ ነው፣ እሷን አይቆጧት። ቅዳሜ እመጣለሁ። የመስኮቷን ዛፍ እኔ እቆርጣለሁ፤ እርስዎ ከታች ገመዱን ይይዙልኛል።

ልጅዎ