የሥነ ጥበብ ክበብ፦ እናቶቻችን ያልጣሉት

ክበባችን ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይሰበሰብ ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የእርሳስ ንድፍና የውሃ ቀለም ተለማመድን፤ በወላጆች ቀንም ሥዕሎቻችንን ሰቀልን። በሰፊው መጻፍ የምፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ልባችንን ስለያዘው አንድ የቻይና የኢንስታሌሽን ሥራ ነው፤ ይህም እቃዎችን አንድ ቦታ ላይ በማደራጀት የሚሠራ ጥበብ ነው።

ሠዓሊው ሶንግ ዶንግ እ.ኤ.አ. በ1966 ቤጂንግ የተወለደ ነው። አባቱ በ2002 ሲያርፉ እናቱ ዣኦ ሺያንግዩዋን ሐዘኑ በረታባቸው፤ ቤታቸውን በእቃ ሞሉት፤ ምንም ነገር አይጣልም አሉ። ልጅየው እቃውን ከመጣል ይልቅ እናቱን የሥራ ባልደረባው አደረጋቸው። በ2005 ቤጂንግ ውስጥ ከ10,000 በላይ እቃ በየዓይነቱ ተለይቶ ተደረደረ፦ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ጫማ፣ ሳፋ፣ የታጠፈ ፌስታል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ። ከመካከሉ የአሮጌው ቤት የእንጨት አጽም ቆመ። «አባዬ አትጨነቅ፣ እማዬም እኛም ደህና ነን» የሚል ጽሑፍም በኒዮን መብራት ተሠራ። ያንን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ ስተረጉምላቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ተማሪዎቹን ይበልጥ የነካቸው ግን የሳሙናው ነገር ነው። እናትየው ሳሙና በራሽን በሚታደልበት ዘመን ልጆቼ ይቸገራሉ ብለው እያጠራቀሙ አስቀመጡ። ልጃቸው ሲያገባ ሊሰጡት ቢሉ እሱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው። ሳሙናው አላስፈለገውም። እሳቸውም መልሰው አስቀመጡለት። በአንድ ትውልድ ውስጥ የቤተሰብ ኑሮ ምን ያህል እንደተለወጠ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

እኛም በዚህ መንገድ እንሥራ ስንል «ከቤት የማይፈለግ እቃ አምጡ» ብዬ ተሳሳትኩ። በሳምንቱ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ባዶ እጇን መጥታ «እናቴ የማይፈለግ እቃ የለኝም አለችኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ሥራውን ቀየርነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ውስጥ ለቁራሌው ያልተሰጠ አንድ እቃ መርጦ፣ ለምን እንደተቀመጠ ጠይቆና አስፈቅዶ እንዲያመጣ ተስማማን።

የዘይት ጀሪካን፣ የማይሠራ ሬዲዮ፣ የተሰነጠቀ ብርሌ፣ የካሴት ክምር መጣ። ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ እንኳ ያልተጣለ የጭቃ ቤት ቁልፍም ነበር። ያቺው ተማሪ ደግሞ የአያቷን ሳሙና ይዛ መጣች። አያቷ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ሱቅ በኩፖን ለመግዛት ይሰለፉ ስለነበር፣ ዛሬም ሳሙና የሚገዙት በብዛት ነው፤ ከቁም ሳጥኑ ሥር ይደረድሩታል። ከቤጂንጓ እናት ጋር የሚያገናኛቸው ይኸው ሳሙና መሆኑን ስናይ ሁላችንም ተገረምን።

በሰኔ ሥራውን በቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ስናሳይ አያትየውን ጋበዝናቸው። ዣኦ ሺያንግዩዋንም በኤግዚቢሽኑ ላይ ተገኝተው ከጎብኚዎች ጋር ይጫወቱ እንደነበር ለተማሪዎቹ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ከሳሙናው አጠገብ ወንበር አኖሩላቸው። አያትየው ተቀምጠው ስለ ሰልፉ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ይዞ ይጠብቅ ስለነበረበት ጊዜ አወሩ። የልጅ ልጃቸው ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር። ይህን ወሬ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ።