«ኦቮድ»ን ያነበበው ፓርቲው ብቻ አልነበረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ሶቪየት ዘመን መጻሕፍት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው «ኦቮድ» የተባለውን ልቦለድ፣ ፓርቲው ስላሳተመው ነው የተነበበው ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። እኔ በ1970ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሶቪየት ዩክሬን ውስጥ፣ ካርኮቭ ከተማ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም።

መጽሐፉን በእንግሊዝኛ የጻፈችው ኤቴል ቮይኒች ናት። በ1897 ኒውዮርክ ታተመ (ከዚህ ወዲህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ታሪኩ ጣሊያን ውስጥ ነው፤ አገሪቱ ከኦስትሪያ መዳፍ ለመውጣት ስትታገል። ርዕሱ ከብት የሚነድፍ ዝንብ ማለት ነው።

ፓርቲው እጁ የለበትም አልልም። የሶቪየቱ ደራሲ የኦስትሮቭስኪ ልቦለድ ጀግና ፓቬል ኮርቻጊን «ኦቮድ»ን ስለሚወድ፣ ኮርቻጊንን ያነበበ ወጣት ሁሉ ያንንም መፈለጉ አይቀርም ነበር። ቻይናዎችም በ1953 የተረጎሙት በዚያው መንገድ ደርሷቸው ነው። በ1955 ደግሞ ሾስታኮቪች ሙዚቃውን የሠራለት ፊልም ወጣ። ግን የሩሲያ አንባቢ መጽሐፉን ያገኘው በ1898 ነው፤ ያኔ ዙፋኑ ላይ ዛር ነበር። ካህናትን ያን ያህል የሚዘልፍ ልቦለድ የወጣው «ሚር ቦዢ» በሚባል መጽሔት በኩል መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ትርጉሙ «የእግዚአብሔር ዓለም» ነው።

እኔ ያነበብኩት መዝገበ ቃላት ጭኜ፣ በጥር ብርድ፣ የተማሪዎች ማደሪያችን ምድር ቤት ማሞቂያው ሥር ተቀምጬ ነው። በር የምትጠብቀዋ ዴዡርናያ፣ ሁላችንም «ቲዮትያ» የምንላት፣ እኛ አክስቴ እንደምንለው፣ ሽፋኑን አይታ «የት ደረስክ?» አለችኝ። የታሪኩ ጀግና አርተር ኑዛዜ የሚገባበት ቦታ ነበርኩ። ልጁ ለአዲሱ ካህን ምስጢሩን ይናገራል፤ ካህኑ ለፖሊስ ያቀብላል፤ ጓደኞቹ ይታሰራሉ፤ የሚወዳት ልጅም ከዳተኛ መስሏት በጥፊ ትመታዋለች። የንስሐ አባት ይዞ ላደገ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል አስቡት። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። እሷ ግን «ይሄ ገና ምኑ ነው፣ ካርዲናሉ ጋ ስትደርስ ንገረኝ» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረስኩ። አርተር ያደገው ሞንታኔሊ የተባለውን፣ በኋላ ካርዲናል የሚሆነውን ካህን «ፓድሬ» (አባት) እያለ ነው፤ የገዛ አባቱ መሆኑን ሲያውቅ ሞቷል አሰኝቶ ደቡብ አሜሪካ ይጠፋል፤ ከ13 ዓመት በኋላ አንካሳና ፊቱ ጠባሳ ሆኖ፣ በሌላ ስም ይመለሳል። ሩሲያኛው «ፓድሬ»ን እንዳለ ትቶታል። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ይጠረጥር ነበር እላለሁ፤ እኛ ዘንድ አባት ሥጋም ነው፣ ንስሐም ነው። መጨረሻ ላይ በእስር ቤቱ ክፍል ልጁ ካርዲናሉን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል፦ እኔን ወይስ አምላክህን? ካርዲናሉ አምላኩን ይመርጣል። ልጁ ይረሸናል። የሚተኩሱት ወታደሮች ስለሚወዱት ሆን ብለው ሲስቱ፣ አተኳኮሳችሁ መጥፎ ነው እያለ የሚቀልድባቸውም እሱ ራሱ ነው።

ለቲዮትያ ስነግራት ሹራብ መሥሪያዋን አስቀመጠችና «አልመረጠውም እኮ» ብላ አለቀሰች። ስለ አብዮትም፣ ስለ ኦስትሪያም አንድ ቃል አልወጣትም። ከ2 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ማተም ለመንግሥት ቀላል ነው፤ ሴትየዋን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ እንድታለቅስ ያዘዛት ግን አልነበረም።

በእንግሊዝኛው ዓለም መጽሐፉ ተረስቷል። ቮይኒች የሚለውን ስም ዛሬ ሰው የሚያውቀው ባሏ በ1912 በገዛው፣ እስካሁን ማንም ሊያነበው ባልቻለው የብራና መጽሐፍ ነው። ሶቪየቶች በ1955 ኒውዮርክ ሲያገኟት 91 ዓመቷ ነበር፤ እዚያ ማዶ ያን ያህል አንባቢ እንዳላት አታውቅም ነበር።

በነገራችን ላይ ጽሑፋችሁ ደራሲዋን ኤቴል ቮይኒችን «ሩሲያዊት» ብሏታል። የተወለደችው አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ነው፤ አባቷም የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ቡል ነው። ብታርሙት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ