ከኮርዶባ ግራናዳ በመኪና፦ እስከ ሐሙስ መልስ እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከኮርዶባ ወደ ግራናዳ በሁለት መኪና እንሄዳለን። መነሻችን በስፔን ሰዓት ጠዋት 8፡00፣ ከሮማውያኑ ድልድይ አጠገብ፣ በካላኦራ ግንብ በኩል ነው። መንገዳችን ኤን-432 ነው። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራ ቀኙ የወይራ ዛፍ በወይራ ዛፍ ነው። ባዬና ላይ ዘይት እንገዛለን። ምሳ አልካላ ላ ሬያል በልተን ላ ሞታ ምሽግ እንወጣለን። አቀበት ስለሆነ ደህና ጫማ አድርጉ (ባለፈው በነጠላ ጫማ የመጣ ሰው ነበር፣ ስም አልጠራም)።

አልሃምብራ (ግራናዳ ያለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት) የምንገባው እሁድ ነው። ትኬቱ በስም ስለሚቆረጥና ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ሙሉ ስም በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ፓስፖርቱንም እንዳትረሱ፤ እዚያ ይጠየቃል።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ ገደል ላይ ወዳለችው ነጭ መንደር፣ ሱዌሮስ፣ እንታጠፍ ወይስ እንለፍ? እኔ እንታጠፍ ባይ ነኝ። የምትመጡም፣ መንዳት የምትችሉም እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ።