ተሳፋሪው የሚጠጣው ውሃ ተለክቶ ይቅረብለት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጅማ ከተማ የምኖር የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጅማ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች በየብስ የሚጓዘው ሕዝብ በመንገድ ላይ የሚጠጣው ውሃ ባለቤት አጥቶ መቅረቱ እጅግ ስለሚያሳስበኝ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውም አካላት በጋዜጣችሁ በኩል እንዲያነቡልኝ ስለምፈልግ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የመርከብ ጥያቄ ነበር።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ውጭ አገር የምትኖረው ልጃቸው በመዝናኛ መርከብ ይዛቸው ልትጓዝ አስባ ኖሮ፣ አስጠሩኝና «ልጄ፣ ዙሪያው ሁሉ ጨው በሆነበት ባሕር ላይ የምጠጣው ምንድን ነው? ውሃ ልያዝ ወይስ እዚያው ይገኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «እትዬ፣ ስለ ውሃው እንኳ አያስቡ» ብዬ ምክንያቱን አስረዳኋቸው። ለአንባቢም ስለሚጠቅም፣ ቀጥሎ ለማነሣው ጉዳይም መነሻ ስለሚሆነኝ፣ የነገርኳቸውን በመጠኑ ሰፋ አድርጌ አቀርባለሁ።

ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ከሚጠቀሙበት ውሃ ከፊሉን ወደብ ላይ በቱቦ ይሞላሉ፤ ብዙውን ግን በጉዞ ላይ ሳሉ ከባሕሩ ራሱ ያመርቱታል። በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው ያለበትን የባሕር ውሃ ንጹሕ የሚያደርጉበት አንደኛው ዘዴ ማትነን ነው። ከሞተሩ የሚወጣውን ትርፍ ሙቀት ይጠቀሙና፣ በዕቃው ውስጥ ያለውን አየር በመሳብ ግፊቱን ስለሚቀንሱት ውሃው ከ100 ዲግሪ በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ከፍታችን ወደ 1,780 ሜትር በሆነው በጅማም የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱ ከዚሁ የተፈጥሮ ሕግ የመጣ ነው። ሌላው ዘዴ የባሕሩን ውሃ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ ውስጥ ማሳለፍ ነው። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ውሃ ማዕድኑ እጅግ ያነሰ፣ ጣዕሙም የሞተ ስለሆነ መጠነኛ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ከዚያም ክሎሪን ተደርጎበት ወደ ጋን ይገባል።

እኔን በሙያዬ የሚማርከኝ ከማምረቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ1975 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የመርከቦች ንጽሕና ፕሮግራም ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚገቡ የመንገደኛ መርከቦችን ይቆጣጠራል። በደንቡ መሠረት ውሃው ሲሞላም ሆነ ሲመረት ቢያንስ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ሊኖረው ይገባል፤ በመርከቡ ውስጥ ሲሠራጭ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ ድረስ ተረፈ ክሎሪኑ (ሳያልቅ በውሃው ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን) ከ0.2 በታች መውረድ፣ ከ5 ሚሊ ግራም በላይም መውጣት የለበትም። መርከቡ ወደብ ውስጥ ቆሞ ወይም ባሕሩ በቆሸሸበት ስፍራ ሆኖ ውሃ ማምረት አይፈቀድለትም። የመጠጥ ውሃ መሙያው ቱቦ ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ሥራውን ሲጨርስ አፉ ተከድኖ ከወለል ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የመጠጥ ውሃ የሚያልፍበት መሥመርም ከሌላው ጋር እንዳይምታታ በሰማያዊ ቀለም ይለያል። ተቆጣጣሪዎቹ ሳያስታውቁ ይመጣሉ፤ ከ100 ነጥብ 85 ወይም ከዚያ በታች ያገኘ መርከብ ወድቋል ይባላል፤ ውጤቱም ለማንም በግልጽ ይወጣል። በዓለም አቀፍ የጤና ደንብም መርከቦች ውሃቸውን ጨምሮ ተመርምረው የሚሰጣቸው የንጽሕና የምስክር ወረቀት ስድስት ወር ብቻ ነው የሚያገለግለው።

ስለዚህ ተሳፋሪው ከምግብ አዳራሹ፣ ከመጠጥ ማሽኑ ወይም ከመኝታ ክፍሉ ቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ምንጩ አንድ ነው፤ ያለ ክፍያም ይጠጣዋል። የክሎሪኑ ሽታ የሚከብደው ሰው ቀድቶ ለጥቂት ጊዜ ክፍቱን ቢያስቀምጠው ወይም ቢያቀዘቅዘው ይቀልለታል። የታሸገ ውሃ የሚሻ በገንዘቡ ይገዛል፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ግን ተሳፋሪው የታሸገ ውሃ ከውጭ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለክሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ባዶ ኮዳ ይዞ ሄዶ እዚያ መሙላት ነው። ለእናታችን አጥብቄ የነገርኳቸው ነገር ቢኖር የኮዳቸውን አፍ ከማሽኑ አፍ ጋር እንዳያነካኩ ነው። በመርከብ ላይ ሰውን በብዛት የሚያሳምመው ኖሮቫይረስ የሚባለው ተውሳክ በተለይ በእጅና በጋራ ዕቃ ስለሚተላለፍ፣ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ወደ ኮዳ መገልበጥ ይመረጣል።

ይህን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ ግን ለራሴ አንድ ጥያቄ ቀረበልኝ። እኚህ እናት ወደ መርከቡ ለመድረስ መጀመሪያ ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይሄዳሉ፤ እዚያ መንገድ ላይ የሚጠጡትን ውሃ ማን ለካው ቢሉኝ የምሰጣቸው መልስ የለኝም።

መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ማለዳ ከመናኸሪያ የወጣው አውቶቡስ ሰርቦን፣ አሰንዳቦንና ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ፣ የጅማን የወይና ደጋ አየር ለለመደ ሰው ሙቀቱ ከባድ ነው። ከዚያ ወደ ወልቂጤ ይወጣል፤ ወሊሶንና ቱሉ ቦሎንም አቋርጦ ወደ ሰበታ ያቀናል። በዚህ መንገድ ጤነኛው ብቻ አይደለም የሚጓዘው። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከቴፒና ከበደሌ ለሕክምና ወደ ጅማ የመጡ፣ ከዚህም ወደ ጥቁር አንበሳ የተላኩ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን በየቀኑ ይሳፈራሉ። አንዳንድ ዘመናዊ አውቶቡሶች ለተሳፋሪያቸው የታሸገ ውሃ ማደላቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በሚኒባስና በአሮጌው አውቶቡስ የሚሄደው ብዙው ሰው ግን ወይ ይገዛል ወይ ይጠማል ወይም ምሳ ቤት ጠረጴዛ ላይ በጆግ የቀረበለትን ይጠጣል።

ስለዚህ ጆግ ጥቂት ልበል። በመንገዱ ካሉት ምሳ ቤቶች በአንዱ፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ ጓሮ ገብቼ ውሃው የሚመጣበትን ሮቶ አየሁ። ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል፤ የውስጥ ግድግዳው አረንጓዴ ዝልግልግ ይዟል፤ የሚሞላበት ጎማም መሬት ላይ፣ ዕቃ የታጠበበት እጣቢ ውስጥ ተጋድሟል። በያዝኩት መመርመሪያ ለካሁት። ተረፈ ክሎሪን ያለበት ውሃ የመመርመሪያው ኪኒን ሲገባበት ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ይሄኛው ግን እንደ ነበር ቀረ። ባለቤቱ ቅን ሰው ናቸው፤ «ከቧንቧ የተቀዳ የመንግሥት ውሃ ነው» አሉኝ፤ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ ይሞላና ቀናት ይቀመጣል፤ በጸሐይ በሚግል ክፍት ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ደግሞ ክሎሪኑ እየተነነና እየተበላ ያልቃል። በክረምት ወንዞች ደፍርሰው ሲመጡ፣ ጭቃው ራሱ ክሎሪኑን ስለሚሻማ ጉዳዩ ይብሳል። ከማጣሪያ ጣቢያው በደኅና የወጣ ውሃ ተሳፋሪው ከንፈር ላይ ሲደርስ ሌላ ውሃ ሆኗል ማለት ነው። በመርከቡ ደንብ ልኬቱ እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ ድረስ መሆኑ ስለዚህ ነው፤ በእኛ መንገድ የጎደለውም ይኸው የመጨረሻው ልኬት ነው።

የታሸገው ውሃስ መፍትሔ አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ለአንድ ሰው ይሆናል፤ ሦስት ልጆች ይዛ ለምትጓዝ እናት ግን ወጪው ከትኬቱ ላይ የሚደመር ሌላ ዋጋ ነው። ጸሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውለውም ሁሉ በአግባቡ የተቀመጠ ነው ለማለት አልችልም። ባዶው ሃይላንድ ደግሞ በመስኮት ይወረወራል። ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ በመኪናው ጎን ሲሮጡ ማየት በግሌ ያስጨንቀኛል፤ ለአንዲት ባዶ ዕቃ ሲሉ ከጎማው አጠገብ ይደርሳሉና። የተለቀመው ዕቃ ዘይት፣ ማር፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ ይያዝበታል፤ ቀጥሎ ውሃ ቢሞላበት ከዚያ በፊት ምን እንደነበረበት ማንም አያውቅም።

መርከቡ የሀብታም ነው፣ ተሳፋሪውም በዶላር ይከፍላል፣ እኛን ከዚያ ጋር ምን ያመሳስለናል የሚባለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ለእኔ አያሳምነኝም። በመርከቡ ላይ ውድ የሆነው ጨውን ከውሃ መለየቱ ነው፤ ያ ደግሞ ለእኛ ጨርሶ አያስፈልገንም። ጅማ በዓመት በአማካይ ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚዘንብባት፣ ወንዝና ምንጭ በዙሪያዋ ያላት ከተማ ናት። ከመርከቡ ልንወስደው የሚገባን ነገር ርካሹ ነው፤ ክዳን ያለው ጋን፣ ለብቻው የሚቀመጥ ጎማ፣ ክሎሪን፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራና ውጤቱን የሚጽፍ አንድ ሰው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ክሎሪን የተደረገበት ውሃ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ተረፈ ክሎሪን እንዲኖረው፣ ቀጂው ዘንድ ሲደርስም ከ0.2 እንዳይወርድ ይመክራል። ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው።

ስለዚህ በጅማ መናኸሪያ፣ ተሳፋሪ በሚጠባበቅበት ስፍራ፣ ብዙ ቧንቧ ያለው ቦኖ እንዲቆም እጠይቃለሁ። ሮቶው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላ ተደርጎለት፣ ክዳኑ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ባዶ ተደርጎ ይታጠብ። ቧንቧዎቹ ኮዳ ከሥር ሊቆም በሚችልበት ቁመት ይሠሩ፤ በሰንሰለት የታሰረ የጋራ ኩባያ ግን አይኑር፤ ከውሃው የጸዳውን ኩባያው ሊመልሰው ይችላልና። የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመውጣቱ በፊት ክሎሪኑ ይለካ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተገኘው መጠንና የለካው ሰው ስም ቦኖው ራስ ላይ ባለ ሰሌዳ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። መጠኑ ጎድሎ ከተገኘ ቦኖው ይዘጋ፤ የተዘጋበትም ምክንያት እዚያው ይጻፍ። ቁጥሩን ማንበብ የሚችል ተሳፋሪ ለማይችለው ያነብለታል፤ ቦኖውም ሳይለካ ቢያድር ማንም ሊደብቀው አይችልም። ተመሳሳይ ልኬት አውቶቡሶች ለምሳ በሚቆሙባቸው ቤቶችም ሊደረግ ይችላል፤ የአውቶቡስ ማኅበራት ሰሌዳ ያለውን ምሳ ቤት መርጠው ቢቆሙ ባለቤቶቹ ያለ ቅጣት ሮቷቸውን እንደሚያጥቡ አምናለሁ። እስከዚያው ድረስ ተሳፋሪው ከቤቱ አፍልቶ ያቀዘቀዘውን ወይም በውሃ አጋር (በቤት ውስጥ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ያከመውን ውሃ በራሱ ኮዳ ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል።

ከዚህ ጋር ሳላነሣው የማላልፈው የመጸዳጃ ነገር ነው። በየቀኑ የምናያቸው ሴቶች ውሃ ቢቀርብላቸውም አይጠጡም፤ አውቶቡሱ በጫካ ዳር እንጂ በመጸዳጃ ቤት አጠገብ እንደማይቆም ስለሚያውቁ ከዋዜማው ጀምሮ ራሳቸውን ያስጠማሉ። ለነፍሰ ጡር ይህ አደገኛ ነው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛም እንዲሁ። ቦኖ የሚቆምበት ስፍራ ሁሉ ንጹሕ፣ በር ያለው፣ እጅ መታጠቢያ የተደረገለት መጸዳጃ ካልተጨመረበት የውሃው ሥራ ግማሽ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት በአገራችን በተለያዩ ስፍራዎች የታየው ኮሌራም ከተበከለ ውሃና ከመጸዳጃ እጦት ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰው በሚበዛበትና ከየአቅጣጫው በሚሰባሰብበት መናኸሪያ ደግሞ በሽታው መንገደኛውን ይዞ ሩቅ ይሄዳል።

የከተማው የውሃ አገልግሎት፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱና የመናኸሪያው አስተዳደር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ማን እንደሚሞላ፣ ማን እንደሚያጥብ፣ ማን እንደሚለካ በስም እንዲወስኑ በአክብሮት እለምናለሁ። በዩኒቨርሲቲያችን የአካባቢ ጤና የሚማሩ ተማሪዎች በየዓመቱ ለተግባር ልምምድ ወደ ኅብረተሰቡ ስለሚወጡ፣ የመናኸሪያው ውሃ ልኬት የልምምዳቸው አካል ቢሆን ለእነርሱም ትምህርት ነው። እኔም ለሰሌዳው የሚሆነውን የዕለት መመዝገቢያ ቅጽ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅቻለሁ፤ ለኪውን የሚያሠለጥን ሰው ከጠፋም ያለ ክፍያ ለማሠልጠን ፈቃደኛ ነኝ። የሚፈልግ አካል አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍላችሁ ሊያገኝ ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ከጅማ